የአስፈሪ አጭር ልቦለድ አመጣጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አስፈሪ ታሪክ የሚወዱ አንባቢዎች ስለ ዘርፉ አመጣጥ ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ። ስለ ፊልም አልናገርም፤ ስለ ረጅም ልቦለድም የምናገረው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ጉዳዬ በአንድ ቁጭታ ተነቦ የሚያልቀው አጭር ልቦለድ ነው። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስፈሪ አጭር ልቦለድ ከአስፈሪ ተረት በምን ይለያል?

ብዙዎቻችን ጭራቅን ያወቅነው በተረት ነው። ያሳደጉኝ አያቴ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠው «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» እንላለን። ጭራቁ ይመጣል፣ ልጅቷን ይዟት ይሄዳል፣ ብልኁ ወንድሟ ያስጥላታል። በመጨረሻ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲሉ ፍርሃቱ እዚያው ምድጃው ዳር ይቀራል። ወደ መኝታችን የምንሄደው ጭራቁ መሞቱን አውቀን ነው። ተረት የምንፈራውን ነገር በር ከፍቶ ያስገባዋል፤ ሲጨርስ ደግሞ አስወጥቶ በሩን ይዘጋል።

አጭር ልቦለዱ ደራሲም የታተመበት ቀንም አለው። ነገሩ የሚደርሰውም «ከዕለታት አንድ ቀን» ሳይሆን በሚታወቅ ከተማ፣ እንደ እኛው ቤት ኪራይና ዕዳ በሚያስጨንቀው ሰው ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚለየው አጨራረሱ ነው፤ ታሪኩ ያልቃል፣ በሩ ክፍት ይቀራል።

የመጀመሪያው አስፈሪ አጭር ልቦለድ የትኛው ነው?

«ይህ ነው» ብሎ አንዱ ላይ ጣት መቀሰር ያስቸግራል። ምረጥ ብባል ግን ሳላመነታ የማነሣው ጀርመናዊው ሃይንሪክ ፎን ክላይስት በጥቅምት 1810 ያሳተመውን «የሎካርኖዋ ለማኝ» ነው። የወጣው ክላይስት ራሱ በርሊን ውስጥ ያዘጋጀው በነበረ ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከሦስት ገጽ ብዙም አይበልጥም።

በአልፕስ ተራሮች ግርጌ፣ ሎካርኖ አጠገብ፣ የአንድ መኳንንት ግንብ አለ። እመቤቲቱ ደጅ የመጣች በሽተኛ አሮጊት ታሳዝናትና ከአንዱ ክፍል ውስጥ ጭድ ላይ ታስተኛታለች። ባልየው ከአደን ሲመለስ ጠመንጃውን ሊያስቀምጥ ወደዚያው ክፍል ይገባል። አሮጊቷን ሲያይ ተነሥታ ከምድጃው ጀርባ እንድትሆን ያዛታል። ስትነሣ ምርኩዟ ልስልሱ ወለል ላይ ያዳልጣታል፤ ወድቃም ወገቧ ክፉኛ ይጎዳል። እንደ ምንም ክፍሉን አቋርጣ ከምድጃው ጀርባ ትደርስና እያቃሰተች እዚያው ትሞታለች።

ዓመታት አለፉ። ጦርነትና የሰብል መበላሸት ባለግንቡን አደኸየውና ቤቱን ሊሸጥ ገዢ አገኘ። ገዢው በዚያ ክፍል እንዲያድር ተደረገ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ግን ፊቱ ገርጥቶ ወጣ። በዓይን የማይታይ ነገር ጭድ ላይ ተኝቶ የነበረ ይመስል ተንኮሻክሾ ተነሣ፣ በዝግታና በድካም ክፍሉን አቋርጦ ከምድጃው ጀርባ እያቃሰተ ወደቀ አለ። ባለግንቡ ነገሩን ለማጣራት እዚያው ማደር ጀመረ። በሦስተኛው ሌሊት ከሚስቱ ጋር ሲገባ ውሻቸውም አብሯቸው ገባ። ድምፁ ሲጀምር ውሻው ከእንቅልፉ ባነነ፤ ጆሮውን ቀስሮ፣ እያጉረመረመና እየጮኸ፣ ሰው እየተራመደ የሚመጣበት ይመስል ወደ ምድጃው ወደ ኋላው አፈገፈገ።

ክላይስት መንፈሱን አንዴም አያሳየንም፤ የሚያሳየን የውሻውን ማፈግፈግ ብቻ ነው። ጋዜጣው የፖሊስ ዜና በማውጣትም ይታወቅ ነበር፤ ታሪኩም የተጻፈው በዚያው በደረቅ የዜና አነጋገር ነው። ምክር የለም፣ «አያችሁ የክፋት ዋጋ» የሚል የለም። ባለግንቡ ሕይወቱን ጠልቶ ቤቱን በገዛ እጁ ያቃጥላል፣ አብሮም ይቃጠላል። አጥንቱ ተለቅሞ የተቀመጠው አሮጊቷን ተነሺ ባላት በዚያው ክፍል ጥግ ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ውሻ ባዶ ጥግ ላይ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ውሻው ወደሚያይበት ቦታ ነው።

ከዚያ በፊት ሰዎች ስለ መናፍስት አልጻፉም ነበር?

ጽፈዋል፤ ያውም በደንብ። ሮማዊው ባለሥልጣን ታናሹ ፕሊኒ ከ1,900 ዓመታት በፊት ለወዳጁ ለሱራ በላከው ደብዳቤ ላይ አቴና ውስጥ ስለነበረ አንድ ሰፊ ቤት ይተርካል። ሌሊት ሌሊት ሰንሰለት ሲንቋቋ ይሰማል፣ ከዚያም እጅ እግሩ የታሰረ ሽማግሌ ይታያል፤ ተከራይ አልበረክት ብሏል። ፈላስፋው አቴኖዶሮስ የኪራዩ መርከስ አጠራጥሮት ጠየቀ፤ ነገሩን ሲሰማም ይባስ ብሎ ቤቱን ተከራየ። ሌሊት መብራት አብርቶ ሲጽፍ መንፈሱ መጥቶ በጣቱ ጠቀሰው። አቴኖዶሮስ «ቆይ» በሚል ምልክት እጁን አንሥቶ ጽሑፉን ቀጠለ። ይህችን ቦታ እወዳታለሁ፤ የሙት መንፈስን ተራ አስጠብቆ ሥራውን የሚጨርስ ሰው ከዚያ ወዲህ አላነበብኩም። በኋላ ተከትሎት ሲወጣ መንፈሱ ግቢው ውስጥ ተሰወረ። በማግስቱ ቦታው ሲቆፈር በሰንሰለት የተተበተበ አጥንት ተገኘ፤ በወጉ ተቀበረ፣ ቤቱም ሰላም አገኘ።

የቤቱ፣ የሰንሰለቱና የተደበቀው አጥንት ነገር እስከ ዛሬ ሲሠራበት ይኖራል። ነገር ግን ፕሊኒ ወዳጁን የሚጠይቀው «መናፍስት በእውነት አሉ ወይ?» ብሎ ነው፤ የጻፈው ምስክርነት ነው እንጂ ልቦለድ አይደለም።

እስያም ልትዘለል አይገባም። ቻይናዊው ፑ ሶንግሊንግ በ1715 ሲሞት ወደ 500 የሚጠጉ የቀበሮ መናፍስት፣ የሙታንና የአጋንንት ታሪኮችን በእጅ ጽሑፍ ትቶ ነበር፤ በመጽሐፍ የታተሙት ግን በ1766 ነው። በጃፓን ኡዬዳ አኪናሪ በ1776 ዘጠኝ ታሪኮችን የያዘ መድበል አሳተመ። የዘርፉን ታሪክ ከአውሮፓ ብቻ የሚጀምሩ ጽሑፎች ያሳዝኑኛል። ፑ ሶንግሊንግ ከክላይስት መቶ ዓመት ቀድሞ በጥቂት ገጾች አንባቢውን ማስደንገጥ የቻለ ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚያዘነብለው ዛሬ በብዛት የምናነበው ዓይነት ከዚያ ስለወረደ ነው።

ጎቲክ የሚባለው ምንድን ነው?

ያረጀ ግንብ፣ የምድር ቤት መተላለፊያ፣ የቤተሰብ እርግማን፣ የምትሳደድ ልጃገረድ ያለበት የእንግሊዝ ልቦለድ ነው። የጀመረው ሆራስ ዋልፖል ሲሆን፣ መጽሐፉ ለንደን ውስጥ የወጣው ታኅሣሥ 24 ቀን 1764 ነው። ዋልፖል መጀመሪያ ስሙን ደብቆ ከድሮ የጣሊያንኛ መጽሐፍ የተተረጎመ አስመስሎት ነበር፤ ሁለተኛው እትም ላይ ግን የራሱ መሆኑን ተናገረ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አን ራድክሊፍ ዘርፉን ወደ ጫፍ አደረሰችው፤ የ1794ቱ ሥራዋ አራት ጥራዝ ነው።

አራት ጥራዝ መግዛት የማይችለው አንባቢ በሰማያዊ ወረቀት የተሸፈኑ ባለ 36 ገጽ መጻሕፍትን በስድስት ፔንስ ይገዛ ነበር። አብዛኞቹ ረጅሙን ልቦለድ ጨምቀው የሚያቀርቡ ናቸው፤ ርዝመቱ አጠረ እንጂ አጻጻፉ አልተለወጠም። ከዚህ ይልቅ ወደ አጭር ልቦለድ የሚቀርበው አና ኤይኪን በ1773 ያሳተመችው ቁራጭ ታሪክ ነው። አንድ ፈረሰኛ ሌሊት ሜዳ ላይ መንገድ ይጠፋዋል፣ የደወል ድምፅ ይሰማል፣ ጨለማ በዋጠው ቤት ደረጃ ላይ ቀዝቃዛ የሙት እጅ የእሱን እጅ ጨብጦ ይይዘዋል። ታሪኩ ሳይጠናቀቅ ይቆማል።

ራድክሊፍ ደግሞ ከሞተች በኋላ በ1826 በታተመ ጽሑፍ ሁለት ስሜቶችን ለይታለች። አንዱ ገና ያልመጣውን የምንጠባበቅበት ስጋት ነው፤ ነፍስን ያነቃል አለች። ሌላው የመጣውን ያየንበት ዝግናኔ ነው፤ እሱ ግን ነፍስን ያደርቃል። ይህን ልዩነት የያዘ አንባቢ ማናቸውንም አስፈሪ ታሪክ በተሻለ ዓይን ያያል ብዬ አምናለሁ።

ፍራንከንስታይንና ቫምፓየር የተወለዱት በአንድ ቤት ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በሚያዝያ 1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የሚገኘው ታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ ሰማዩን ሸፍኖ በተከታዩ ዓመት አውሮፓ በጋ አጣች። በሰኔ 1816 እንግሊዛዊው ገጣሚ ሎርድ ባይረን ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ በተከራየው ቪላ ዲዮዳቲ ውስጥ ዝናቡ የዘጋባቸው ወጣቶች ከጀርመንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎሙ የመናፍስት ታሪኮችን ያነቡ ነበር። ባይረን «እያንዳንዳችን አንድ አንድ የመንፈስ ታሪክ እንጻፍ» አለ። የ18 ዓመቷ ሜሪ፣ በኋላ ሜሪ ሼሊ የተባለችው፣ የጀመረችው በጥር 1818 ፍራንከንስታይን ሆኖ ታተመ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ነው። ሜሪ መጀመሪያ ያሰበችው የጥቂት ገጾች አጭር ታሪክ ነበር፤ አስፍታ እንድትጽፈው የወተወታት በኋላ ባሏ የሆነው ገጣሚው ፐርሲ ሼሊ መሆኑን በ1831 እትም መግቢያ ላይ ራሷ ጽፋዋለች። አጭር ሆኖ የቀረው የባይረን ሐኪም የጆን ፖሊዶሪ ታሪክ ነው። ፖሊዶሪ ቫምፓየሩን፣ ማለትም ደም መጣጩን፣ ከመንደር መቃብር አውጥቶ የለንደን ሳሎን ውስጥ የሚንጎራደድ መኳንንት አደረገው። በሚያዝያ 1819 በአንድ መጽሔት ላይ የወጣው በባይረን ስም ነበር። ባይረን «የእኔ አይደለም» ቢልም ታሪኩ በስሙ አውሮፓን አዳረሰ፤ ፖሊዶሪ በ1821 ገና በ25 ዓመቱ ሞተ።

ኤድጋር አለን ፖ ለምን የዘርፉ አባት ይባላል?

ይህን ለመመለስ ከመጽሔቶች መነሣት ያስፈልጋል። አስፈሪው አጭር ልቦለድ የግንብ ልጅ ይመስላል፤ ያሳደገው ግን መጽሔት ነው። በ1817 ኤድንብራ ውስጥ የተቋቋመው ብላክዉድስ መጽሔት ጽንፍ የረገጠ ጭንቀት ውስጥ የገባ ሰው ስሜቱን በራሱ አንደበት የሚናገርባቸውን ታሪኮች ያወጣ ነበር። በ1830 ባወጣው አንድ ታሪክ የብረት እስር ቤቱ ግድግዳ በየቀኑ እየጠበበ እስረኛውን ይጨፈልቀዋል፤ እስረኛው የሚያውቀው መስኮቶቹ በየቀኑ ሲጎድሉ ቆጥሮ ነው። ፖ ይህን መጽሔት አጥብቆ ያነብ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨመረ። እስከ 1891 ድረስ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ደራሲያንን የቅጂ መብት ስለማያስከብር አሳታሚዎች የእንግሊዝን ልቦለድ ያለ ክፍያ ያትሙ ነበር። በነጻ የሚታተም መጽሐፍ እያለ ለአገሬው ወጣት ደራሲ ማን ይከፍላል? ለእነ ፖ የቀረው ገበያ መጽሔት ነበር። ፖ በ1809 ቦስተን ተወለደ፣ ዕድሜውን በሙሉ በመጽሔት አዘጋጅነትና ጸሐፊነት ሲንከራተት ኖሮ በ1849 ባልቲሞር ውስጥ ሞተ።

ከዚህ ችግር ውስጥ አንድ ሐሳብ አወጣ። በ1842 የአገሩን ደራሲ የሆቶርንን ታሪኮች ሲገመግም አጭር ልቦለድ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ በአንድ ቁጭታ ሊነበብ ይገባል አለ። አንባቢው መጽሐፉን አስቀምጦ ከተነሣ የዓለም ጉዳይ ጣልቃ ይገባል፣ የተሠራው ስሜት ይፈርሳል። ስለዚህ ደራሲው አስቀድሞ አንድ ስሜት ይመርጣል፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወደዚያ ካልመራ ገና ከመነሻው ተሳስቷል ማለት ነው። አስፈሪ ታሪክ አጭር ሲሆን ለምን እንደሚያስፈራ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ሐሳቡን በሥራ ያሳየበትን ለማየት በጥር 1843 የወጣውን «ተናጋሪው ልብ» ማንበብ ይበቃል። ተራኪው እብድ አለመሆኑን ሊያስረዳን ይጀምራል። አብሮት የሚኖረውን ሽማግሌ ይወደዋል፤ ጥላቻው በስስ ሽፋን ከተጋረደ ሰማያዊ ዓይኑ ጋር ነው። ሰባት ሌሊት እኩለ ሌሊት ላይ የክፍሉን በር በዝግታ ይከፍታል፤ ጭንቅላቱን በበሩ ለማስገባት ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። በስምንተኛው ሌሊት ሽማግሌው ይነቃል። ከገደለውና ከወለሉ ሳንቃ ሥር ከደበቀው በኋላ በጥጥ የተጠቀለለ የኪስ ሰዓት የሚመስል ድምፅ ይሰማዋል። መንፈስ የለም፣ ግንብ የለም፣ እርግማን የለም። ያለው አንድ ሰውና ከራሱ የማያመልጥበት ጆሮው ነው።

ተቺዎች «የጀርመኖች ተጽዕኖ በዝቶብሃል» ሲሉት በ1840 መድበሉ መቅድም ላይ ያ ፍርሃት የጀርመን አገር ሳይሆን የነፍስ ነው ብሎ መለሰ። ለዚያ መድበል ከአሳታሚው ያገኘው ክፍያ 20 ቅጂዎች ብቻ ነበር።

እንግሊዞች የሙት መንፈስ ታሪክን ከገና ጋር የሚያያይዙት ለምንድን ነው?

ረጅም የክረምት ሌሊት ቤተሰብ እሳት ዳር ተሰብስቦ የሚያወራበት ልማድ ቀድሞም ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ደግሞ በሚያዘጋጃቸው መጽሔቶች የገና እትም ላይ የመንፈስ ታሪኮችን ቋሚ አደረጋቸው። በ1852 እትም የኤልዛቤት ጋስኬልን «የአሮጊቷ ሞግዚት ታሪክ» አወጣ። በታሪኩ ውስጥ፣ ውስጧ የተሰባበረ ኦርጋን የምትባል የሙዚቃ መሣሪያ በነፋሻ ሌሊት ስትዘፍን ትሰማለች። ዲከንስ መጨረሻው ላይ መናፍስቱን በታሪኩ ያለችው ሕፃን ብቻ እንድታያቸው ሊያስለውጣት ቢወተውትም ጋስኬል አሻፈረኝ አለች። እኔ የጋስኬል ወገን ነኝ፤ ሁሉም ሲያዩት ነው ጥፋቱ የቤቱ ሁሉ የሚሆነው።

ዲከንስ ራሱ ሰኔ 9 ቀን 1865 ስቴፕልኸርስት ላይ አሥር ሰዎች ከሞቱበት የባቡር አደጋ ተርፎ ለቆሰሉት ውኃ ሲያቀርብ ነበር። በተከታዩ ዓመት ለገና በዓል፣ በዋሻ አፍ ላይ ብቻውን ስለሚሠራ የባቡር ምልክት ሰጪ የጻፈው ታሪክ ከአጫጭሮቹ ሁሉ የበረታው ነው። የሞተውም አደጋው በደረሰ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሰኔ 9 ቀን 1870 ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ማንበብ ለአማኝ ሰው ይገባል?

ለዚህ የንስሐ አባትዎ ከእኔ የተሻለ ይመልሳሉ። እኔ የምጨምረው ከታሪኩ የማውቀውን ነው። የመንፈስ ታሪክ ጸሐፊዎቹ ሸሪዳን ለፋኑም ሆነ ኤም. አር. ጄምስ ያደጉት በቄስ ቤት ነው፤ ሁለቱም የጻፉት ለኃጢአትና ለሙታን ክብር ትልቅ ቦታ ከሚሰጥ ልብ ነው።

ከየትኛው ልጀምር?

ከክላይስት፤ ከዚያ የፖን «ተናጋሪው ልብ»፣ ቀጥሎ የጋስኬልን፣ ከዚያ የዲከንስን ባቡር። በየሌሊቱ አንድ ብቻ ያንብቡ፤ ሁለት ሲደራረቡ አንዱ የሌላውን ስሜት ያጠፋል።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አንድ አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ስናገረው ደስ ይለኛል። ኤም. አር. ጄምስ በካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ መምህር ሳለ በገና ዋዜማ ጓደኞቹን ሰብስቦ በሻማ ብርሃን አዲስ የጻፈውን የመንፈስ ታሪክ ያነብላቸው ነበር፤ የመጀመሪያ መድበሉ የታተመው በ1904 ነው። ታሪኮቹ የሚነሡት ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ብራና ነው። አንድ ሊቅ ባልታሰበ ቦታ መጽሐፍ ያገኛል፣ ይገልጣል፣ የማይገለጥ ነገር አብሮ ይነቃል።

ጄምስ ከብራና ጋር የተዋወቀው ገና ተማሪ ሳለ ነው። ኢተን በሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ግእዝ ተምሮ ከጓደኛው ጋር ተረፈ ባሮክን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፤ ትርጉሙንም መታሰቢያነቱን ትቀበለው ዘንድ ለንግሥት ቪክቶሪያ ላከ። የንግሥቲቱ ጸሐፊ ነገሩን ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ ስላሳወቀ ልጆቹ በዚህ ተገሠጹ።

ያ ሊቅ በጉርምስናው ፊደል ቆጥሮ የገባበት መጽሐፍ የኢትዮጵያዊውን የአቤሜሌክን ታሪክ የያዘ ነው። አቤሜሌክ በለስ ሊለቅም ወጥቶ በሙቀቱ ጊዜ ከዛፍ ጥላ ሥር ለጥቂት ደቂቃ አረፍ ይላል። ነቅቶ ወደ ከተማው ሲመለስ ቤቱን ያጣዋል፣ የሚያውቀው ሰው የለም፣ መንገዱ የተሳሳተ ይመስለዋል። ኢየሩሳሌም ከጠፋች፣ ሕዝቡም ወደ ባቢሎን ከተማረከ 66 ዓመት ሆኖታል። የሚነግረውን ሽማግሌ አላምን ብሎ ቅርጫቱን ይከፍትለታል፤ በለሱ አሁን የተቀጠፈ ይመስል ወተቱ ይንጠባጠባል።